ሥጋ ቤት ገብተን ቴአትሩ እንዳያመልጠን፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጅማ ላይ ቴአትር በየሳምንቱ አይታይም። ከአዲስ አበባ ቡድን ሲመጣ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሲያዘጋጁ ወይም የከተማው አማተሮች አንድ ሥራ ሲጨርሱ ነው የምናየው። ስለዚህ ያ ምሽት ሲመጣ ሰው ይዘጋጅበታል። ይለብሳል፣ ጓደኛ ይጠራል፣ መንገድ ላይም ሥጋ ቤት ጎራ ይላል። እኔ ሥጋ ቤት ውስጥ በቆራጭነትም በአስተናጋጅነትም ለዓመታት ሠርቻለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አዳራሽ በር ላይ ቆሜ ትኬት እቀበል ነበር። ሁለቱንም ወገን ስለማውቀው “ጠይቁኝ” አልኩ፤ እናንተም አልራራችሁልኝም። እነሆ መልሶቼ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ትኬቱ ላይ 12 ሰዓት ይላል። ከባለቤቴ ጋር መጀመሪያ ጥብስ መብላት እንፈልጋለን። ስንት ሰዓት ብንገባ ይሻላል?

ከመጋረጃው ወደ ኋላ ቁጠር። 12 ሰዓት ከጀመረ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ደጃፍ ላይ መሆን አለባችሁ። ጥሩ ወንበር የሚይዘው ቀድሞ የገባ ነው። ባጃጅ ፈልጎ መድረሱ ሩብ ሰዓት ይውሰድ እንበል። ሂሳብ መክፈልና እጅ መታጠብ ሌላ አሥር ደቂቃ ነው። ሳትቻኮሉ ለመብላት ከግማሽ ሰዓት በላይ ያስፈልጋችኋል። ጥብሱ ደግሞ ሰው በበዛበት ቀን ታዞ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ደምረው፤ 10 ሰዓት ላይ መቀመጥ አለባችሁ። ከተቻለ ሩብ ጉዳይ።

ከዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር ይበልጣል። ስትቀመጡ ለአስተናጋጁ “ቴአትር አለብን፣ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ እንነሳለን” በሉት። ሰው ይህን መናገር ያፍራል። ለምን እንደሚያፍር አይገባኝም። እኔ ስሠራ ሰዓቱን የነገረኝን ሰው ትዕዛዝ ቀድሜ ወደ ማእድ ቤት አስገባለት ነበር። ያልነገረኝ ዘና ብሎ ሊያመሽ የመጣ ይመስለኛል፤ ስለዚህ አላጣድፈውም። ሂሳቡንም ምግቡ እንደቀረበ ጠይቁ። ከበላችሁ በኋላ ስትጠይቁ ነው አስተናጋጁ የሚጠፋው።

ዝናቡንም አስብበት። የጅማ ዝናብ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም፤ በልጉም ላይ ይጠናል። ከሰዓት በኋላ ሲያወርደው ባጃጅ ማግኘት ፈተና ነው። ሰማዩ ከጠቆረ ለአዳራሹ ቅርብ የሆነ ቤት ምረጥ። ሥጋው ትንሽ ቢያንስም በእግርህ ትደርሳለህ።

ጥያቄ፦ ለእኔ ሥጋ ማለት ቁርጥ ነው። ከቴአትር በፊት ቁርጥ መብላት ምን ችግር አለው?

ችግሩ ሁለት ነው፤ አንዱ የሥጋው፣ አንዱ የሰዓቱ።

ከሥጋው ልጀምር። ከብቱ በአብዛኛው ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ቄራ ይታረዳል። ጠዋት ልኳንዳው መስቀያ ላይ ይውላል። ገና በታረደበት ሰዓት ጡንቻው ልስልስ ነው። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ጡንቻው መኮማተር ይጀምራል። እየደረቀ ሄዶ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ጠንካራ ይሆናል። የቁርጥ አዋቂዎች በጠዋት ሥጋ ቤት የሚሰለፉት ያለ ምክንያት አይደለም። እጅ ላይ የሚለሰልሰውን፣ ጥርስ የማይታገለውን ሥጋ የሚያገኙት ያን ጊዜ ነው። አንተ 10 ሰዓት ላይ ስትደርስ ያው ሥጋ ሌላ ሥጋ ሆኗል። ሻኛውና ጥሩ ጥሩው ሙዳም ተቆርጦ አልቋል።

የሰዓቱ ደግሞ ይህ ነው። ቁርጥ የሚበላ ሰው ቢላዋ ይዞ፣ ከአዋዜው እያጠቀሰ፣ እያወራ ነው የሚበላው። “ትንሽ ጨምርልን” ይባላል። ጓደኛ ሲያልፍ “ና ቅመስ” ይባላል። ይህን ወግ ሰዓት እያዩ ማድረግ ግፍ ነው። በሩ ላይ ስቆም ቁርጥ በልተው የመጡትን በአረፋፈዳቸው ለይቼ አውቃቸው ነበር። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። ቁርጥ ለምሳ፣ በእረፍት ቀን። ከቴአትር በፊት ጥብስ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ሥጋው በዚያ ሰዓት ከጠነከረ ጥብሱስ እንዴት ይሆናል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥብስ የሚያድነው አቆራረጡ ነው። ጠንካራ ሥጋ በትንንሹ፣ ደግሞም የጡንቻውን ክር አቋርጦ ሲቆረጥ ጥርስ ላይ ይቀላል። ክሩን ተከትሎ በረጅሙ ከተቆረጠ ታላምጠዋለህ፣ አያልቅም። ስታዝ “ደቀቅ አድርጎ ይቁረጠው” በል። ከሽንጥ ወይም ከዳቢት እንዲሆን ጠይቅ። ወርች ለወጥ ነው፤ ቀስ ብሎ መብሰል ይፈልጋል።

እሳቱም ወሳኝ ነው። ብረት ድስቱ በደንብ ሳይግል ሥጋው ከገባ ውኃ ያወጣና ይቀቀላል። ሲበስል በራሱ ውኃ የሚንተከተክ ጥብስ ከመጣልህ ማእድ ቤቱ ተጨናንቋል ማለት ነው። ሸክላ ጥብስ ደግሞ ከሥሩ ፍም ስላለው እስከ መጨረሻው ትኩስ ነው። ለሚያመሽ ሰው ግሩም ነው። ለሚቸኩል ግን ምላስ ያቃጥላል፣ ጭሱም ልብስ ላይ ይቀራል። በዚያ ምሽት ተወው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ ከእንጀራ ጋር ይበቃል። ከቴአትር በፊት ጠግቦ የሚነሳ ሰው የመጀመሪያውን ትዕይንት ያያል፣ ሁለተኛውን ያንቀላፋል። ጮማ የበዛበት ምግብ ከሆድ ቶሎ አይወርድም።

ጥያቄ፦ አንድ ሆቴል ስቴክ አዝዤ እንደ ጫማ ሶል ሆኖ መጣልኝ። የሼፉ ጥፋት ነው?

ሁልጊዜ የሼፉ አይደለም። ስቴክ የሚባለው ምግብ የሚሠራበት አገር ሥጋው ከታረደ በኋላ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ ውስጥ ይቆያል። ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሥጋው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች የተኮማተረውን ጡንቻ ያላሉታል። ወፍራም ቁራጭ በሹካና በቢላዋ የሚበላው ለዚህ ነው። የእኛ ባህል ደግሞ የዕለት ሥጋ ነው። የዕለት ሥጋ በወፍራሙ ጠብሰህ ስቴክ ብትለው ጥርስህን ይፈታተናል። በዚያ ላይ ብዙው በሬያችን ያረሰ፣ ዕድሜ ያለው ነው።

ስለዚህ ሆቴል ውስጥ ስቴክ ካማረህ ሁለት ነገር ጠይቅ። “ሥጋው ፍሪጅ ውስጥ ስንት ቀን ቆየ?” እና “ከጭቅና ነው?” በል። ጭቅና ከብቱ ብዙ የማይሠራበት ጡንቻ ስለሆነ በዕለቱም ቢሆን ለስላሳ ነው። አስተናጋጁ ለመጀመሪያው ጥያቄ “የዛሬ ነው፣ ትኩስ ነው!” ብሎ በኩራት ከመለሰ፣ ጥብስ እዘዝ።

ጥያቄ፦ ክትፎ ለብለብ ከተደረገ ኮሶ አይዝም ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። የኮሶ ትል እጭ ሥጋው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ለብለብ ላዩን ያሞቀዋል እንጂ መሃሉን አያበስለውም። ሚጥሚጣም፣ አዋዜም፣ አረቄም አይገድሉትም። ይህን በተለይ ለወጣቶቹ እላለሁ፤ አረቄው ያጥበዋል የሚል ወሬ ብዙ ሰምቻለሁ።

የሚገድለው ሙቀት ነው። ሙሉ ቁራጭ ሥጋ መሃሉ 63 ዲግሪ ሲደርስ፣ የተከተፈ ወይም የተፈጨ ከሆነ ደግሞ 71 ዲግሪ ሲደርስ ይታመናል። የተከተፈው ለምን ይበልጣል? ላዩ ላይ የነበረው ጀርም ሲከተፍ ወደ መሃል ስለሚገባ ነው። የቄራ ምርመራ አደጋውን ይቀንሳል። ማኅተም ያለበት ሥጋ ከጓሮ እርድ በብዙ ይሻላል። ግን መርማሪው እያንዳንዱን ጡንቻ ሰንጥቆ ማየት አይችልም።

እርጉዝ ሴትና ሕፃን ልጅ ጥሬም ለብለብም አይብሉ። ሌላው ሰው ከበላ አውቆ ይብላ። ኮሶ ከያዘው ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒቱን ይውሰድ፤ በቀላሉ የሚታከም ነው። ክትፎ ወዳጅ ለቴአትር ምሽት “በደንብ ይብሰልልኝ” ቢል ቅር የሚለው ቤት የለም።

ጥያቄ፦ ሰላም ኦቦ። አራት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለታችን ሙስሊም፣ ሁለቱ ክርስቲያን። ሁሌ ከቴአትር በፊት ተለያይተን በልተን በር ላይ እንገናኛለን። አብረን የምንበላበት መላ የለም?

አለ፤ ደስ የሚለኝም ጥያቄ ይህ ነው። ጅማ ውስጥ ሥጋ ቤቱ ጨረቃ ወይም መስቀል ስላለበት ማንም ግራ አይጋባም። ያ የእምነት ጉዳይ ነው፣ ሊከበር ይገባዋል። ማንንም “ዛሬ ብቻ እለፈው” ብላችሁ አታግባቡ። ግን አብሮ መቀመጥ ሥጋ ብቻ አይጠይቅም።

ዓሣ አለላችሁ። ከግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዓሣ ይወጣል፤ ከጅማ ሩቅ አይደለም። ጥብሱ ቶሎ ይደርሳል፣ ሆድም አይከብድም። ለቴአትር ምሽት እንዲያውም ከሥጋ ይሻላል። የጾም በያይነቱ፣ ፓስታ በአትክልት፣ ሽሮ አለ። ሥጋው ካማራችሁ ምሳችሁን በየፊናችሁ ብሉና 10 ሰዓት ላይ አንድ ካፌ ተገናኙ። ወሬው የሚጣፍጠው ከቴአትሩ በፊት ነው፤ ስለ ተዋናዮቹ፣ ስለ ደራሲው፣ ስለ ባለፈው ጊዜ። በር ላይ ብቻ መገናኘት ያንን ያስቀርባችኋል።

ጥያቄ፦ በረመዳን ቴአትር ቢመጣስ?

12 ሰዓት የሚጀምር ትርኢት ከኢፍጣር ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ጅማ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ተመልካቹ ግማሹ ቴምር በኪሱ ይዞ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ይላል። ይህን አዘጋጆቹ ማሰብ አለባቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ቡድኖች ካላወቁ የከተማው ሰው ይንገራቸው። 2 ሰዓት ተኩል ቢጀመር ሰው አፍጥሮ፣ ሰግዶ፣ ተረጋግቶ ይመጣል። ታራዊህ የሚሰግዱት ግን ይህም ሰዓት አይመቻቸውም። ለእነሱ የቅዳሜ ወይም የእሑድ ከሰዓት በኋላ ትርኢት ይጨመር። አዘጋጅ የሆናችሁ ሰዎች ካነበባችሁ እባካችሁ አስቡበት።

ጥያቄ፦ ረቡዕና ዓርብስ?

የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ብዙዎቹ ይዘጋሉ ወይም የጾም ያቀርባሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ እንደዚያው ነው። ሳትደውሉ አትሂዱ።

ጥያቄ፦ የቡና አገር ላይ ሆነን ቡና ሳንጠጣ ቴአትር መግባት ይከብዳል። ጊዜ ይበቃል?

ስርዓቱን የጠበቀ ቡና ከሆነ አይበቃም። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ፣ አቦል ቶና በረካ ሲባል ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። አቦልን ጠጥቶ መነሳት ደግሞ ባለቤቷን ማስቀየም ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ወይም ዘመድ ዘንድ ቡና አትጀምሩ። ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጀበና የጣደች ልጅ አትጠፋም፤ የተፈላ ካለ አንድ ሲኒ ቆማችሁም ቢሆን ጠጡ። ከሥጋ በኋላ የሚመጣውን ድብርት ከጅማ ቡና የተሻለ የሚያባርር አላውቅም።

ጠጅና ቢራ ግን ከቴአትሩ በኋላ ይሁን። ጠጅ ያስተኛል፤ ቢራ ደግሞ በትዕይንቱ መሃል ከወንበር ያስነሳል። የማር ነገር ካማራችሁ ብርዝ ጠጡ። የጅማ ዙሪያ ማር ጥሩ ነው፣ ብርዝ ደግሞ ሁሉንም ሰው ያስማማል።

ጥያቄ፦ ከመሥሪያ ቤት አሥራ ሁለት ሆነን ልንሄድ ነው። እኔ አስተባባሪ ነኝ። ምን ላድርግ?

በዋዜማው ሂጂና ራስሽ አነጋግሪ። ስልክ ብቻ አይበቃም። የሰውን ቁጥር፣ የምትደርሱበትን ሰዓትና የምትነሱበትን ሰዓት ጽፈሽ ስጪ። ምግቡን አስቀድመሽ ወስኚ። አሥራ ሁለት ሰው በየራሱ ካዘዘ፣ አንዱ ሲጨርስ አንዱ ገና እየጠበቀ ነው። በትሪ የሚመጣ ጥብስ በሦስት ቦታ ይበቃችኋል። ጾመኛ ካለ በያይነቱ ጨምሪ።

የኪሎውን ዋጋ ቀድመሽ ጠይቂ። ጥብሱ የሚመዘነው ጥሬው እንደሆነ አትርሺ፤ ሲበስል ይቀንሳል። “ኪሎ አልሞላም” የሚለው ክርክር አብዛኛው ከዚህ ነው የሚነሳው። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩንም አጣሪ። ገንዘቡን ከሁሉም ቀድመሽ ሰብስቢ። በቴሌብር የምትከፍሉ ከሆነ ኔትወርክ ሊያስቸግር ስለሚችል ጥሬ ብርም ያዢ። አሥራ ሁለት ሰው ጠረጴዛ ላይ ሂሳብ ሲያካፍል መጋረጃው ይከፈታል።

ጥያቄ፦ እኔ ተመልካች ሳልሆን ተዋናይ ነኝ። ከመድረክ በፊት ሥጋ ልብላ ወይስ ተርቤ ልውጣ?

ተርበህ አትውጣ፤ እግር ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽም ያጥራል። ግን ከመድረኩ ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብለህ ብላ። ቀይ የሆነ፣ ጮማ የሌለው ጥብስ ትንሽ፣ ከእንጀራ ጋር። ሚጥሚጣና አዋዜ ተው። ቃር አምጥቶ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ድምፅ ይሰብራል። ቅቤ የበዛበት ነገርም ቃር ያባብሳል። ከዚያ በኋላ ለብ ያለ ውኃ። አዳራሻችን ማይክራፎን ሁልጊዜ የማይታመንበት ስለሆነ የኋላው ወንበር ድረስ የሚሰማው የአንተው ድምፅ ነው። ከትርኢቱ በኋላ የምትበላው ሁሉ ይገባሃል። መልካም ሥራ!

ጥያቄ፦ እህቴ ለንደን ትኖራለች። ልጠይቃት ስሄድ ስቴክ ቤት ወስዳኝ ከዚያ ቴአትር እንገባለን ብላለች። እዚያስ እንዴት ነው?

እንኳን ደስ አለሽ። እዚያ የማታ ትርኢት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በለንደን ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በትክክል ይጀምራል። ያረፈደ ሰው ተስማሚ ክፍተት እስኪገኝ ውጭ ይጠብቃል። ቴአትር ቤቶቹ አካባቢ ያሉ ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ ለተመልካች የተዘጋጀ ሜኑ አላቸው። ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ምግብ በአንድ የተቆረጠ ዋጋ ይሰጣሉ፣ ከምሽቱ 11 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ። ከሌላው ሜኑ ይረክሳል፣ ቶሎም ይቀርባል። ጠረጴዛ አስቀድማችሁ አስይዙ።

ስቴኩን ስታዢ እንዴት እንደሚበስል ይጠይቁሻል። ሬር ካልሽ ውስጡ ቀይ ነው፣ ሚዲየም ሮዝ፣ ዌል ደን ሙሉ የበሰለ። እኛ ጥሬ የምንበላ ሰዎች ሆነን የተጠበሰ ሥጋ ሲሆን ግን በደንብ መብሰሉን እንፈልጋለን። ዌል ደን ወፍራም ከሆነ ከሌላው ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ቀደም ብለሽ እዘዢ። ሂሳቡ ላይ የአገልግሎት ተብሎ አብዛኛውን ጊዜ 12.5 በመቶ ይጨመራል። ያ ካለ ሌላ ጉርሻ መስጠት ግዴታ አይደለም።

ጥያቄ፦ የተረፈውን ጥብስ በቴክአዌይ ይዞ አዳራሽ መግባት ይቻላል?

እባክህ አታድርገው። የጥብስ ሽታ ሦስት ረድፍ ያዳርሳል። መድረክ ላይ ሰው እያለቀሰ አዳራሹ ስለ እራቱ ያስባል። ሥጋ ቤቱ ያስቀምጥልህ፣ ስትመለስ ውሰድ።

ጥያቄ፦ ዘግይተን ብንደርስስ?

በሩ አጠገብ ቁሙ። ትዕይንቱ ተቀይሮ መብራት ሲደበዝዝ ግቡ። የራሳችሁን ወንበር ለማግኘት የሰው ጉልበት እየረገጣችሁ አትሂዱ፤ የኋላ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡና በዕረፍት ሰዓት ተዛወሩ። የስልክ መብራት አታብሩ። “ሁልጊዜ አርፍዶ ነው የሚጀምረው” ብላችሁም አትተማመኑ። በሰዓቱ የሚጀምሩ ቡድኖች አሉ፣ ሊበረታቱም ይገባቸዋል። ተመልካቹ ሲያረፍድ አዘጋጁ ያረፍዳል፤ አዘጋጁ ሲያረፍድ ተመልካቹ ይበልጥ ያረፍዳል። ይህን መቁረጥ ያለብን እኛ ነን።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንዲት ልጅ ጋር ልወጣ ነው። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር በልተን ወደ ቴአትሩ። ምክር?

ሥጋ ትበላ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቃት። ነጭ ሸሚዝ አትልበስ፣ አዋዜ አያዝንልህም። ትንሽ እዘዝ፤ ካነሰ ትጨምራለህ። ጠረጴዛው ላይ ስቴኪኒ መኖሩን ተመልከት፣ ከሌለ አስመጣ፤ ጥርስ መሃል የገባ ሥጋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስጨንቃል። ስለ ቴአትሩም ትንሽ አውቀህ ሂድ። ግን ታሪኩን ቀድመህ አትንገራት።

ጥያቄ፦ እናቴ ጥርሷ ደክሟል፣ ቴአትር ግን ነፍሷ ነው። በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድኖቹን ሁሉ ተከታትላለች። ሥጋ ቤት ይዣት ልግባ?

ግቡ እንጂ! ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት በዚያ ዘመን ኪነት ያዩ ሰዎች ከማንኛችንም በላይ ቴአትር ያውቃሉ። አብሯት የሚያይ ሰው ዕድለኛ ነው። ለእሷ ምንቸት አብሽ እዘዝላት፤ ሥጋው የደቀቀ ስለሆነ ማኘክ አይጠይቅም። በርበሬው እንዳይበዛ አስቀድመህ ንገር። በሚቀጥለው ቀን ቅቅል የሚሠራ ቤት ካገኘህ ደግሞ መረቁ ለብቻ በብርጭቆ ይምጣላት።

ከሰዓቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀድማችሁ አዳራሽ ድረሱ። በር ላይ ላለው ልጅ “እናቴን ላስቀምጥ” በለው፤ በጥሩ ልብ ያስገባችኋል። ከፊት ሦስተኛ ወይም አራተኛ ረድፍ፣ ዳር ላይ ያዝላት። ፊት ለፊት ከሆነች አንገቷ ይደክማል፣ መሃል ከገባች ለመነሳት ትቸገራለች። ጋቢዋን አትርሳ፤ ማታ ስትወጡ ይበርዳል።